ሞራዋ ላይ የተሰፉት አምስት ቁራጮች

ነሐሴ 10 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ማስታወቂያ።

ለመርሳ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ ላለፉት ስልሳ ዘጠኝ ዓመታት በቀኝ በኩል፣ በላይኛው ረድፍ በቅንነት ሲያገለግሉ የቆዩት የአቶ ፈንታው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የተጠበሰ በቆሎ በመጋጥ ላይ እንዳሉ፣ በድንገት ከሥራ ገበታቸው ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ባለቤታቸው ወይዘሮ ታደለችና የልጅ ልጃቸው ዮርዳኖስ በተገኙበት በጓሮ፣ ከፓፓያው ሥር ተፈጽሟል። ለቅሶ የምትደርሱ ለስላሳ ነገር ይዛችሁ ኑ።

ይህንን ለዮርዳኖስ አነበብኩላት። በሳቅ ወደቀች። ደብተሩ የሷ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ የጻፈችበት፣ ግማሹ ባዶ የቀረ። «አባባ፣ ከሚባክን ይጻፉበት» ብላ ሰጠችኝ። አሁን ሃያ ዓመቷ ነው። ሲሪንቃ የእርሻ ምርምሩ ጋ የማሽላ መደብ ትከታተላለች፤ ዘለላ ትቆጥራለች፣ ቁመት ትለካለች። እናቷ መታሰቢያ ጅዳ ከሄደች ዘጠኝ ዓመት። ያሳደግናት እኔና ታደለች ነን። ታደለች ምግቡን፣ እኔ ነገር ፍለጋውን አስተማርናት።

ለቡሄ ጅራፍ እየገመድኩ ነው። ጥሩ ቃጫ አግኝቻለሁ። ታደለች «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለኔ» አልኳት። «በዚህ ዕድሜዎ!» አለች። ቡሄ የልደት ካርድ አይጠይቅም።


ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ቦራ ዮርዳኖስን መታት። ሰንጋው። በግራ ጎኗ። ቀንዱ አልገባም፤ በግንባሩ ግድግዳ ላይ ደፈቃት።

መርሳ ሐኪም ቤት። ፊቷ አመድ መሰለ። ግፊቷ እየወረደ ነው አሉ። ሆዷ ውስጥ ደም አለ አሉ። አምቡላንስ። ወልድያ።

ዝንብ ነው። በሬውን ዝንብ ነክሶት ነው። ታደለች ገለባ ስጪው ብላ ልካት ነበር።


ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ፣ ወልድያ

ዛሬ ቡሄ ነው። ከሐኪም ቤቱ አጥር ማዶ ጅራፍ ይጮሃል። ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ። አንዲት አስታማሚ «አባቴ፣ ጆሮዎን ያምዎታል?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ዮርዳኖስ በሕይወት አለች። መጀመሪያ እሱ ይጻፍ። አለች።

የቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኤርሚያስ ይባላል። ጢሙ ገና አልሞላም። ሲወጣ ቆቡን አውልቆ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ቆሞ የሚናገር ሐኪም መጥፎ ወሬ ይዟል ይባላል፤ የተቀመጠ ግን ምን እንደያዘ አላውቅም ነበር።

«አባቴ፣ ጣፊያዋ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ልሰፋው ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ደሙን ለማቆም ማውጣት ነበረብኝ።»

«ጣፊያ ምን ይሠራል? እኛ ለውሻ ነው የምንወረውረው።»

«ደም ያጣራል። ያረጀውን ደም ይለቅማል፤ ተህዋስ ሲገባ ይይዛል፤ በሽታ የሚከላከሉትን ያነቃል።»

«ፊልትሮ ነው በለኛ!» አልኩት። አርባ ዓመት የጭነት መኪና ሥር ተጋድሜ ኖሬያለሁ፤ ነገር በዚያ በኩል ነው የሚገባኝ።

ሳቀ። «ፊልትሮ ነው።»

«ያለ ፊልትሮ ሞተር ይነሳል እኮ።»

«ይነሳል። ቆሻሻ የገባበት ቀን ግን ወዲያው ነክሶ ይቆማል። እሷም እንደዚያ ናት። ሌላ ሰው በሁለት ቀን የሚያልፈው ትኩሳት እሷን በአንድ ቀን ሊወስዳት ይችላል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ሁሉንም አልጣልኩትም። ካወጣሁት ላይ ደህና ደህናውን ቆርጬ፣ አምስት ቁራጭ፣ ሞራዋ ውስጥ ኪስ ሠርቼ ሰፋሁላት።»

«ምኗ ውስጥ?»

«ሞራዋ ውስጥ።»

«ሰውም ሞራ አለው?»

«አለው አባቴ። አንጀቱን ሸፍኖ የተዘረጋ ነው። ደም ሥሩ ብዙ ስለሆነ የተተከለበትን ያጠጣል። ከበቀሉ ሥራ ይጀምራሉ። ላይበቅሉም ይችላሉ። ቢበቅሉም የድሮውን ያህል አይሆኑም፤ ክትባቱም ጥንቃቄውም አይቀርም። ግን ከምንም ይሻላሉ ብዬ ነው። በሦስት ወር ገደማ ደሟን በማይክሮስኮፕ እናያለን። ጣፊያ ከሌለ ቀዩ ደም ውስጥ ጥቁር ነጥብ ይቀራል። ጣፊያ ካለ ነጥቡን እየለቀመ ያወጣዋል። ነጥቡ ጠፋ ማለት በቀለ ማለት ነው።»

እጁን ስሜ ተነሳሁ። ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ለማያውቀኝ ልንገር፦ እኔ ከመካኒክነቱ ሌላ ሞራ አነባለሁ። በግ ወይ በሬ ሲታረድ ያንን እንደ ነጠላ የሳሳ ስብ ወደ ፀሐይ ዘርግቼ ዝናቡን፣ ሰላሙን፣ የቤቱን ዕድል እናገራለሁ። ከአባቴ የወሰድኩት ነው። ግማሹ በዓይን ይነበባል፣ ግማሹ በምላስ። ምላሱን ካነሳነው ከአባቴ የቀረው እውነተኛ ደንብ አንድ ነው፦ ሞራ ላይ ጥቁር ዕብጠት ከታየ መቃብር ነው። አንድ ዕብጠት፣ አንድ መቃብር።

የዮርዳኖስ ሞራ ላይ አምስት አሉ።

ይህን ለሐኪሙ አልነገርኩትም። ለታደለችም።

ማታ መታሰቢያ ደወለች። ታለቅሳለች። «አባዬ፣ በሬው እንዴት ደረሰባት?»

«ዝንብ፣ ልጄ። የነሐሴን ዝንብ ታውቂው የለ።»


ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ዛሬ ፍልሰታ ነው። እኛ ወልድያ ነን። ዮርዳኖስ ሾርባ ጠጣች።

«አባባ፣ ምን አሉኝ ሐኪሞቹ? ለኔ በፈረንጅኛ ነው የሚያወሩት።»

በሞራዬ በፊልትሮዬ ነገርኳት። የሾርባውን ሳህን አስቀመጠች። ከዚያ፦ «ሸንኮራ አገዳ ነዋ! እዚያ ግራና ቀበሌ መስኖው ላይ ሸንኮራ ሲተክሉ እየቆረጡ አይደል አፈር የሚያለብሱት? ዘር የለው ምን የለው፣ ከቁራጩ ይበቅላል።»

«አፈሩ አንቺ ነሽ።»

«አባባ፣ አፈር አይበሉኝ፣ ገና ሃያ ዓመቴ ነው።»

መሳቅ ስትጀምር ስፌቷ አመማት። «አያስቁኝ!» እያለች አለቀሰች። እኔ ሰው እንዳላስቅ ስከለከል ይህ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።


ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ቤታችን ገባን።

ዶክተር ኤርሚያስ በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፎ ሰጠን፤ ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። «ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፦ ወዲያው ሐኪም ቤት። አትጠብቁ።» ከሥሩ አጎበር፣ በየቀኑ የሚዋጠው መድኃኒት፣ የክትባቱ ቀን።

ጎረቤታችን ማሚቴ ልትጠይቅ መጣች። ስትወጣ ደጃፍ ላይ ለሌላዋ ሴት እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «ጣፊያዋን አውጥተውታል አሉ። ጣፊያ የሌላት ልጅ እንግዲህ ማን ያገባታል? መጀመሪያ ብትተርፍ አይደል!»

በመስኮት አንገቴን አወጣሁ። «ማሚቴ! ባልሽ ጣፊያ አለው?»

«ይኖረዋላ፣ ሰው አይደለም እንዴ!»

«ታዲያ ምን ጠቀመሽ?»

ሌላዋ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ሮጠች። ማሚቴ «አይ እርስዎ፣ ጥርስዎ ቢያልቅ ምላስዎ አላለቀም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥርሱ የሄደበትን ሥራ ምላሱ ደርቦ ይዟል።

ታደለች ግን አልሳቀችም። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ስሰነዝር ጓዳ ገብታ ነበር የምትስቀው። ዛሬ ከጋጣው በር ላይ ቆማ ገለባውን ታያለች።

ጅራፉን ከሣጥኑ በስተኋላ ከትቼዋለሁ። ቦታ ይይዛል ብዬ ነው።


ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ክትባት። በሁለቱም ክንዷ። መርሳ ላቦራቶሪ የምትሠራው ነሲባ ደሟንም ወሰደች፤ ለማነጻጸር ነው አለች።

«ነጥቦቹ አሉ?»

«አሉ አባ ፈንታው። ገና በሁለት ሳምንቱ! ማሽላ እንኳ በሁለት ሳምንት አያፈራም።»

«አንቺ አየሻቸው?»

«አየኋቸው። ትንንሽ፣ ክብ፣ ጥቁር። አላህ ያጠራታል፣ ኢንሻአላህ። እርስዎ ብቻ ቤት ገብተው ሞራ ምናምን እንዳይሉባት።»

ለዚህች ልጅ ማን ነገራት?


መስከረም 1 ቀን 2018፣ ሐሙስ

ማስታወቂያ ቁጥር ሁለት።

ለሞት፦ አዲሱ ዓመት ገብቷል። በመርሳ በኩል የምታልፍ ከሆነ ቀጥ ብለህ እለፍ። የኛ ቤት በሩ ጠባብ ነው፣ ውሻው ክፉ ነው፣ ሽማግሌው ከሁለቱም ይብሳል። ሰባ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ከፈለግህ እኔ አለሁ፣ አድራሻዬን ታውቀዋለህ። ሃያ ዓመት የሞላውን ግን ሳትጠየቅ አትነካም። ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው።

ዮርዳኖስ አነበበችውና «ፊርማ የለውም» አለች። ፈረምኩበት። ማኅተም ይፈልጋል ብላ የሻይ ብርጭቆዋን ቂጥ አተመችበት።


መስከረም 17፣ ቅዳሜ፣ መስቀል

ቦራ ታረደ።

ሊታረድ የተወሰነው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ታደለች «ይህን በሬ ዓይኔ እንዲያየው አልፈልግም» አለች። የሰፈሩ ቅርጫ ወሰደው። እኔ እንዲሸጥ፣ ወደ ቆላ እንዲሄድ፣ እንዲያርስ ለመንኩ። «ሰው የመታ በሬ እርስዎ ምነው ጥብቅና ቆሙለት?» አሉኝ። «በሬው ምን አጠፋ?» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ የጋቢዬን ጫፍ ማስተካከል ያዝኩ።

ጠዋት ሲጎትቱት አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ። ሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል ያየው።

ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ ሞራውን አምጥተው ሰጡኝ። «አባ ፈንታው፣ ያንብቡልን።» በሁለት እጄ ወደ ፀሐይ ዘረጋሁት። ሠላሳ ሰው ከበበኝ። በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ሞራ አላየሁም። ነጭ፣ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩን የሚያሳልፍ። ደም ሥሩ እንደ ወንዝ ካርታ የተዘረጋ። አንዲት ነጥብ የለበትም። በአባቴ ንባብ ይህን ሞራ የያዘ ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጎተራ፣ ሰላም ነው ያለው።

ቦራ ግን ሁለት ክንድ ርቆ አንገቱ ተቆርጦ ተጋድሟል።

እዚያው ቆሜ ሳቅ መጣብኝ። ጥርት ያለ ሞራ ይዞ የሞተ በሬ! እቤት ደግሞ አምስት ጥቁር ይዛ ቆሎ የምትቆረጥም ልጅ! አባቴን ወደድኩት፣ ነፍሱን ይማረው፣ ግን ተሳስቷል። እኔም ሃምሳ ዓመት እሱን ተከትዬ ተሳስቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ንባቡ ተቀይሯል። ጥቁር ዕብጠት መቃብር አይደለም። ጥቁር ዕብጠት የተተከለ ነገር ነው።

ማሚቴ ከሰው መሐል «ስለ ልጅቷስ ምን ይላል?» አለች።

«ስለ ልጅቷ የዚህ በሬ ሞራ አያገባውም! የሷን ሞራ ማንበብ የሚችለው ነሲባ ብቻ ናት፣ እሷም በማጉያ መነጽሯ!» ብዬ ጮህኩ። ሞራውን አጣጥፌ ሰጠኋቸው። «ስለ ዝናቡስ?» አለ አንዱ። ዝናቡን ሬዲዮ ይንገርህ አልኩት።

ሥጋውን ሲከፋፈሉ ጣፊያውን ለምኜ ወሰድኩ። ውሻው ተከተለኝ፤ የሱ ድርሻ ነው፣ ልማድ ነው። እኔ ግን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ በምላጭ አምስት ቦታ ቆረጥኩት። ወይን ጠጅ የመሰለ፣ ለስላሳ፣ በእጅ ሲይዙት የሚፈርስ ነገር ነው። ይህችን የምታህል ነገር ናት እንግዲህ። ስንቱን ወረወርኩ!

ወደ ደብተሩ መጀመሪያ ገለጥኩ። ዮርዳኖስ በባዮሎጂዋ ላይ የሆድ ሥዕል ሥላለች፤ ከጨጓራው ጎን ትንሽ ሐምራዊ ነገር በእርሳስ ቀብታ፣ በፈረንጅኛ ጽፋለች። ማንበብ አልችልም። ግን ምን እንደሆነ ገባኝ።

ውሻው እስካሁን አኩርፎኛል። እኔም ሥጋውን አልቀመስኩም። ጥርስ የለኝም ብያቸዋለሁ።


መስከረም 28፣ ረቡዕ

መታሰቢያ ደወለች። ስልኩን ጮክ አድርጌው ነበር። «አባዬ፣ እማዬ ለምን ሰንጋ ጋ ትልካታለች? ሴት ልጅ ናት እኮ! እኔ እዚህ የሰው ልጅ አሳድጋለሁ፣ የኔን ደግሞ…» ታደለች ከጎኔ ነበረች። ሁሉንም ሰማች።

«ዝንብ ነው አልኩሽ እኮ» አልኩ።

«ዝንብ ያለበት በሬ ጋ ለምን ትልካታለች?»

ታደለች ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «እውነትሽን ነው ልጄ። እኔ ነኝ የላክኋት። ይቅር በይኝ» አለች። ከዚያ ወጥታ ልብስ አጠበች። የታጠበ ልብስ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጽፍ ነበር። ቀለሙ አለቀ። ነገ ሌላ እስክሪብቶ እገዛለሁ።


ጥቅምት 9፣ እሑድ

ትኩሳት።

ትናንት ሲሪንቃ ወስጄያት ነበር። መደቤን ልየው ብላ ስታለቅስ ፈቀድኩ። ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆመች። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ግንባሯ እሳት ሆነ።

ሐኪም ቤት ደረስን። ሌላው በኋላ።


ጥቅምት 10፣ ሰኞ

አልጋዋ አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፈው። ተኝታለች። መርፌው በእጇ ይወርዳል።

የሆነውን እንዳለ መጻፍ አለብኝ። «ምች ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ማሚቴ አይደለችም፤ ማሚቴ ዳማከሴውን ይዛ የመጣችው እኔ ጠርቻት ነው። ቅዳሜ ፀሐይ ላይ ያቆምኳት እኔ ነኛ! ፀሐይ ከሆነ ምች ነው፣ ምች ከሆነ ዳማከሴ ነው፣ በቅጠል ካለፈ ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም። ቅጠሉን በመዳፋችን አሽተን ጭማቂውን ግንባሯ ላይ ቀባን፣ በአፍንጫዋ አስነጠስናት፣ በጋቢ ሸፈንናት፣ ላብ እስኪወጣት ቁጭ ብለን ጠበቅን።

አልወጣትም። ተንቀጠቀጠች።

ታደለች «ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አለች። ማሚቴ ደረቷን መታች፦ «ኧረ በሞቴ! ምች ያለበት ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል! የእህቴ ልጅ እንዲያ ነው የሆነው!» ይህን በመርሳ የማያውቅ የለም። እኔም ሳውቀው ነው የኖርኩት። ጋቢውን መልሼ አለበስኳት።

ዮርዳኖስ ከጋቢው ሥር አፏን አወጣች። «አባባ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን አንብብልኝ» አለች። አንብብልኝ! አንቱታውን ጣለችው። የአራት ዓመት ልጅ ሆና ነበር እንዲህ የምትጠራኝ።

ቀና አልኩ። «ወዲያው። አትጠብቁ።» የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በየቀኑ አየዋለሁ።

«ማሚቴ፣ ተነሺ ከአልጋው» አልኳት።

«መርፌ ይገድላታል!»

«ምቹም መርፌውም አንድ ላይ ይምጡ! እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ!»

አቅፌያት ወጣሁ። በሰባ ስድስት ዓመቴ። ወገቤ ጮኸ፤ እሱም ይጩህ አልኩት። ባጃጁ ውስጥ ታደለች እግሯን፣ እኔ ጭንቅላቷን ይዘን ሄድን። አንድ ሰዓት ከሩብ ጠፍቷል። ቆጥሬዋለሁ።

ነሲባ ደሟን ወስዳ ገባች። ስትመለስ ሻሿን እያስተካከለች ነበር። «ወባ ናት። መድኃኒቱ ተጀምሯል። የሌላ ተህዋስ መርፌም ተጨምሮላታል፣ ጥርጣሬ እንዳይቀር። ቶሎ ነው የመጡት አባ።»

አንድ ሰዓት ከሩብ ዘግይቼ ቶሎ መጡ ተባልኩ።


ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ትኩሳቱ ለቀቃት። አልሐምዱሊላህ አለች ነሲባ። እኔም አልኩ፤ ነሲባ ሳቀች፣ «እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን እንዳያባርሩዎት» አለችኝ።

«ነጥቦቹስ?»

እጇን በጋወኗ ጠረገች። «አሉ። ቀንሰዋል መሰለኝ። ግን አልምልም።»

አትማይ ነሲባ። እኔ እምልልሻለሁ። ቀንሰዋል።

ዮርዳኖስ ዓይኗን ገልጣ የመጀመሪያ ቃሏ፦ «ማን ነው ዳማከሴ የቀባኝ፣ እንደ ፍየል እሸታለሁ!»

አንቱታውን መልሳ ጀምራለች። ደስም አለኝ፣ ቅርም አለኝ።


ኅዳር 3፣ ረቡዕ

መንገድ ዝግ ነው አሉ። ከዚያ ተከፈተ አሉ። ከዚያ ነገ ይታያል አሉ። የወልድያው ቀጠሮ ሳምንት ቀርቶታል። በእግሬም ቢሆን እወስዳታለሁ። ሞት ሲመጣ እኔን መንገድ ላይ ያገኘኛል እንጂ እሷን ቤት አያገኛትም።

ታደለች ገለባ መንካት ትታለች። ለጎረቤት ላም እንኳ አታቀብልም። ትናንት ማታ ዮርዳኖስን «ይቅር በይኝ» ስትላት ሰማሁ። በየማታው ነው የምትላት።


ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ወልድያ ደርሰን ተመለስን።

ዶክተር ኤርሚያስ ጢሙ አድጓል። ደሟ ተወሰደ። ሆዷ በአልትራሳውንድ ታየ። ከዚያ ላቦራቶሪው ውስጥ ጠራኝ። «አባቴ፣ እርስዎ ሞራ አንባቢ ነዎት አሉ። ይህን ያንብቡ።» ይህች ነሲባ እስከ ወልድያ ነው ወሬዋ የሚደርሰው!

በአንድ ዓይኔ አየሁ። ቀይ ክቦች፣ እንደ ተበተነ የማሽላ ፍሬ። ፈለግሁ። ረጅም ጊዜ ፈለግሁ። አንዲት ጥቁር አገኘሁ፣ ዳር ላይ። ሌላ ፈለግሁ። የለም።

«አንዲት ናት ያገኘሁት።»

«እኔም ብዙ አላገኘሁም። ነሐሴ ላይ በየቦታው ነበሩ። ቁራጮቹ እየሠሩ ነው አባቴ። አራቱ ይታያሉ፤ አምስተኛው ሟሙቷል።»

«አራት ሲሊንደር ይበቃል» አልኩት። «መርሳ ዳገት ላይ ስንቱን አይሱዙ በአራት ሲሊንደር ስጎትት ኖርኩ!»

ሳቀ። ከዚያ ጣቱን አነሳብኝ። ክትባቱ አይቀርም። አጎበሩ አይቀርም። ትኩሳት ከመጣ ዛሬም ነገም ወዲያው። አጠራቅሞ ሲናገር እንደ ታደለች ነው። ሁሉንም እሺ አልኩ።

በሚኒባስ ስንመለስ በሲሪንቃ አለፍን። ማሽላው ቀልቷል። ዮርዳኖስ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ መደቧን ፈለገች። ስታገኘው ተመለሰችና፦

«አባባ።»

«እ።»

«የቡሄ ዋዜማ ቦራ አጠገብ የጮኸው ጅራፍ የማን ነበር?»

«በዚያን ቀን የሰፈሩ ጅራፍ ሁሉ ይጮህ ነበር።»

«ከወደቅኩበት ሲያነሱኝ እጅዎ ላይ ነበር። ቃጫው ፊቴን ነክቶኛል።»

ከፊታችን የተቀመጠ ሰው ዶሮ ይዞ ነበር። ዶሮዋን ማየት ጀመርኩ።

«ሦስት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?»

«እስኪነግሩኝ ነዋ! እኔማ ምን ቸገረኝ፣ አራት ጣፊያ አለኝ። እማማ ግን አንድ ልብ ነው ያላት፤ እሱንም ገለባ በልቶባታል።»

እስከ መርሳ ድረስ አልተናገርንም። ዶሮዋም አልተናገረችም።


ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

ታደለች ማንበብ አትችልም። ይህን ሁሉ ጊዜ የምጽፈውን የማታውቀው ለዚህ ነው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አጠገቤ አስቀምጬ፣ ይህን ደብተር ከጥርሴ ቀብር ጀምሬ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ስለዚህ የሚከተለውን ለሷ እየጻፍኩት ነው።

ታደለች፣ ሞራውን አልፈጠርኩትም። አምስቱን ቁራጭም፣ አንድ ሰዓት ከሩቡንም፣ ዶሮዋንም አልፈጠርኩም። ሞት ደጃፋችን ድረስ መጥቶ መመለሱ እውነት ነው፤ ደግሞ ይምጣ፣ ደግሞ እመልሰዋለሁ።

ገለባ ስጪው ብለሽ ስትልኪያት ቦራ ተኝቶ ያመሰኳ ነበር። እኔ ከጋጣው ጀርባ ነበርኩ። አዲሱን ጅራፌን ልሞክር ብዬ፣ ተኝቶ የሚያመሰኳን በሬ ላስደነግጥ፣ አንቺ ጓዳ ሆነሽ ጮኸሽ እንድትወጪና እንድስቅብሽ ብዬ፣ ጆሮው ሥር አጮህኩት። በጣም ጥሩ ጮኸ። ገመዱን በጥሶ ሲነሳ ዮርዳኖስ ገለባውን ታቅፋ በሩ ላይ ደርሳ ነበር።

አንቺ ገለባ ነው የላክሽው። ለመታሰቢያም ዛሬውኑ እደውልላታለሁ፤ ስልኩን ጮክ አደርገዋለሁ፤ አንቺም ከጎኔ ትሆኛለሽ።

ጅራፉ ከሣጥኑ በስተኋላ ነው። ስጨርስ አውጥቼ እግርሽ ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ ከፈለግሽ ቁረጪው፣ ከፈለግሽ በኔ ላይ አጩኺው።

ዝንብ አልነበረም። ዝንቡን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፣ ጥርሴም ጭምር።